የስኳር ፈረሰኛ በኳስ ሜዳ ዳር

ከመቆሚያው እስከ ጥምጣሙ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ያልፋል። ሮዝ ነው፤ ሮዝነቱ ግን አንድ ወጥ አይደለም። የፈረሱ ደረትና ታፋ ላይ ገርጣ ይላል፣ የጋማው ሸንተረሮች ውስጥ ሲገባ ይደምቃል፣ ልጓሙ ጉንጩን በሚያቋርጥበት ቦታ ደግሞ ቀይ ለመሆን ትንሽ ብቻ ይቀረዋል። ፈረሰኛው ግራ እጁን በፈረሱ አንገት ላይ አሳርፏል፣ በቀኙ ደረቱ ላይ የተለጠፈ ሰይፍ ይዟል። ፊቱ ሁለት የዓይን ጉድጓድ፣ አንድ የአፍ ጭረትና አንድ አፍንጫ ብቻ ነው። ከትከሻው በስተኋላ በቀጭን ሽቦ የቆመ የአረንጓዴና የወርቅማ ወረቀት ባንዲራ ተሰክቶበታል።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ወረቀቱ ላይ ነው። ሻጩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ወረቀቱን ትታችሁ የፈረሱን እግሮች ተመልከቱ እላለሁ። እግሮቹ አራት ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ክፍተት የለም። ከሆዱ በታች ያለው ቦታ ሁሉ በስኳር ግድግዳ ተሞልቷል፤ እግሮቹ ከዚያ ግድግዳ ላይ ጎላ ብለው የወጡ ቅርጾች ናቸው። የፎርማው ጠራቢ የተነጠለ እግር ማውጣት አቅቶት አይደለም። ስኳር ቀጭን ሆኖ ክብደት አይሸከምም። ሰይፉ ደረት ላይ የተለጠፈው፣ የፈረሱ ጆሮዎች ወደ ኋላ ተኝተው ከጋማው ጋር የተዋሃዱት፣ ጭራውም ታፋውን ተከትሎ እስከ መቆሚያው የወረደው በዚሁ ምክንያት ነው። ከባንዲራው በቀር ከአካሉ ተነጥሎ ወደ ውጭ የወጣ አንድም ነገር የለም። የሚይዘው ልጅ መሆኑ ከመጀመሪያው ታስቦበታል።

በሱዳን የነቢዩ ሙሐመድ ልደት ሲቃረብ፣ ከረቢዕ አል-አወል ወር መባቻ እስከ 12ኛው ሌሊት ድረስ፣ የኡምዱርማን የኸሊፋ አደባባይ በድንኳን ይሞላ ነበር። ቃዲሪያው፣ ሳማኒያው፣ ኸትሚያው፣ ቲጃኒያው፣ እያንዳንዱ የሱፊ ጠሪቃ በየድንኳኑ ዚክሩን ያሰማ ነበር። በዳር በዳሩ የመውሊድ ጣፋጭ ሻጮች ይደረደሩ ነበር፤ በስኳር የተጋገረ ሰሊጥ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ። ከእነዚህ በላይ፣ ልጆች አንጋጠው በሚያዩት መደርደሪያ ላይ፣ ለሴት ልጅ ዓሩሳ (የስኳር ሙሽሪት)፣ ለወንድ ልጅ ፈረሰኛ ይቆሙ ነበር። ልማዱ ከግብፅ ጋር የጋራ ነው። ካይሮዎች ነገሩን እስከ ፋጢሚዮች ዘመን ያደርሱታል፣ ስለ አንድ ኸሊፋና ስለ ሚስቱም ተረት ያወራሉ። ተረቱን ለተረት አዋቂ ልተወው። እኔን የያዘኝ ድስቱና ፎርማው ነው።

አሠራሩን በቃል መናገር ቀላል ነው። ስኳር በጥቂት ውሃ ይፈላል። ጥቂት የሎሚ ጨው ጣል ይደረግበታል። ሎሚው ለጣዕም አይደለም፤ ከስኳሩ ጥቂቱን ስለሚሰብረው ቅንጣቶቹ ገና ድስቱ ውስጥ እያሉ በአንድ ጊዜ ተጋግረው እንዳይቀሩ ያዘገያቸዋል። ሽሮፑ ሲወፍር ከእሳት ይወርድና በእንጨት ማማሰያ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እየታሸ ይማሰላል። ጥርት ብሎ የነበረው ፈሳሽ መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ ይነጣል፣ ማማሰያውም ይከብዳል።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ሳይታሽ የቀዘቀዘ ሽሮፕ ብርሃን የሚያሳልፍ ከረሜላ ይሆናል፤ ያምራል፣ ነገር ግን ከአየሩ እርጥበት እየሳበ በጥቂት ቀን ውስጥ እጅ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ታሽቶ የነጣው ግን ቅንጣት ከቅንጣት ጋር ተያይዞ ይደርቃል። ላዩ ደብዛዛ ነው፤ ጥንካሬው ግን ከዚያው ከደብዛዛነቱ ይመጣል። ስለዚህ ከመደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቀውን ፈረሰኛ ያነሳ ገዥ ደካማውን መርጧል ማለት ነው።

ፎርማው ከእንጨት ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ሆኖ ውስጡ ተፈልፍሏል። አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ደረቅ እንጨት ላይ የፈሰሰ ስኳር ይጣበቃል፣ ውሃ የጠገበ እንጨት ግን ይለቀዋል። ሁለቱ ግማሾች ይገጠማሉ፣ በገመድ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ፣ ፎርማው ራሱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ በመቆሚያው በኩል ባለው ቀዳዳ ሽሮፑ ይፈስበታል። እንጨቱን የነካው ስኳር ቀድሞ ይጠነክራል። ከዳር ወደ መሐል ቆዳ እያወጣ ይሄዳል፣ መሐሉ ግን ገና ፈሳሽ ነው። ያን ጊዜ ሠሪው ፎርማውን ይገለብጥና ያልጠነከረውን መልሶ ድስቱ ውስጥ ያፈሰዋል። የሚቀረው ውስጡ ባዶ የሆነ ፈረስና ፈረሰኛ ነው።

የሙያው ሁሉ ቁም ነገር ይህቺ መልሶ ማፍሰስ ናት። ቶሎ የገለበጠ ሰው ቆዳው ሳይበረታ ያፈሳል፣ ፈረሱ ከፎርማው ሲወጣ አንገቱ ላይ ይሰምጣል። የዘገየ ሰው ደግሞ ድፍን ስኳር ይዞ ይቀራል፤ ስኳሩ ያልቅበታል፣ ዕቃው ለልጅ እጅ ይከብዳል፣ መሐሉ ከዳሩ ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝም ሳይታሰብ ይሰነጠቃል። እንጀራ የምትጋግር ሴት አክምባሎውን የምትደፋበትን ቅጽበት ከዓይኑ አወጣጥ እንደምታውቀው ሁሉ፣ ይህም በሰዓት የሚለካ አይደለም። የዕለቱ ሙቀት፣ የድስቱ ውፍረት፣ የእንጨቱ እርጥበት ሁሉ ይለውጠዋል። ሠሪው የሚያየው በቀዳዳው አፍ ዙሪያ የሚታየውን ጠርዝ ብቻ ነው። ከዚያች ጠርዝ ተነስቶ እስከ ፈረሱ ጆሮ ድረስ ያለውን የማይታይ ውፍረት ያውቃል። ገዥው የሚያደንቀው ላዩን ነው፤ ሠሪው ግን የሚሠራው ባዶውን ነው።

አሁን ወደ አፍንጫው ልመለስ። ሁለቱ የፎርማ ግማሾች በሚገጥሙበት ቦታ ሁልጊዜ ቀጭን የስኳር መስመር ይወጣል። በዚህ ፈረሰኛ ላይ መስመሩ ከጥምጣሙ አናት ተነስቶ፣ በፊቱ መሐል ወርዶ፣ በፈረሱ ግንባርና ደረት በኩል እስከ መቆሚያው ይደርሳል። ደረቱ ላይ በቢላ ተፍቋል። መቆሚያው ላይ እንዳለ ተትቷል፤ እዚያ ማን ያየዋል? ፊቱ ላይ ግን ከዓይኖቹ በላይና ከአፉ በታች ብቻ ተፍቆ፣ በመካከሉ ያለው ቁራሽ ቀርቷል፣ ጫፉም በጣት ለዘብ ተደርጓል። አፍንጫው ያ ነው። ጠራቢው አፍንጫ አልቀረጸም፤ ሌላው ሠሪ እንከን ሆኖ የሚጥለውን መስመር ይህኛው ፊት አድርጎታል። እንዲህ ያለ ቁጠባ ሳይ ደስ ይለኛል።

ይህ ፈረሰኛ ወደ ኻርቱሙ የአርካዊት ሰፈር የመጣው በህዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ነጩን ዓባይ ተሻግሮ ከኡምዱርማን አምጃድ በምትባለው ትንሽ ታክሲ ያመጣው የጎረቤት ሱዳናዊ አዛውንት ነበር። ስጦታው ከወሎ ለመጣ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ልጁ እዚያው ኻርቱም ተወልዶ ዐረብኛው ከአማርኛው ይቀድመዋል። እናቱ መውሊድን የምታውቀው በመንዙማና በድቤ ነው። ወሎ ጀማ ንጉሥ ላይ ያደረውን ሕዝብ እያነሳች፣ «እኛ ጋ ለመውሊድ የሚታረደው በሬ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ፈረሱን ለልጅ አስይዘው ያስልሱታል» አለችና ሳቀች።

የልጁ አጎት በደቡብ ኻርቱም፣ በመደኒ መንገድ ዳር ባለው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ልጆች የሚማሩበት ቦታ ስለነበር ዓርብና ቅዳሜ ኳስ ሲኖር ቡድን የሚወጣው በአገርና በቀጣና ነበር። አጎትየው የግራ ተከላካይ ነበር። ልጁ ዓርብ ሊያየው ሲነሳ ፈረሰኛውን ጥሎ አልሄድም አለ።

«ፈረሱን ይዘህ ኳስ ሜዳ? ቢሰበር አታልቅስብኝ» አለች እናቱ።

«አይሰበርም።»

«ጋሼ፣ አንተው ያዝለት እንግዲህ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። ልጁ ግን ለማንም አልሰጥም አለ። ዕቃው ለመደርደሪያ ነው ወይስ ለእጅ የተሠራው የሚለው ጥያቄ በዚህ ተፈታ። ሠሪው ቤት ያልታየውን ሜዳው አሳየኝ።

መጀመሪያ አያያዙ። ልጁ ሳያስብበት እጁን የሰደደው ከፈረሱ ሆድ በታች፣ በእግሮቹ መካከል ወዳለው ግድግዳ ነው። ግድግዳው እዚያ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ከላይ ሆዱ፣ ከታች መቆሚያው ስለሚሰፉ እጅ አይንሸራተትም። በመደርደሪያ ላይ ሳየው ያ ግድግዳ የእግር መደገፊያ ብቻ መስሎ ይታይ ነበር፤ በልጅ እጅ ውስጥ ሲገባ መያዣም ሆነ። ቀጥሎ ክብደቱ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ የስድስት ዓመት ልጅ ግማሽ ሰዓት ከፍ አድርጎ ቢይዘው እጁ አይዝልም። ጎል በተቃረበ ቁጥር ፈረሰኛው ከሰው ራስ በላይ ይወጣ ነበር።

ከዚያ ፀሐዩ። ከዐስር ሰላት በኋላም ቢሆን የኻርቱም ህዳር ቀልድ አያውቅም። አጠገቤ የቆመ ተማሪ «አሁን ቀልጦ ያልቃል» ብሎ ተወራረደ። ሱክሮዝ የሚቀልጠው ወደ 186 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ፀሐይ ብቻዋን ይህን ፈረስ ምንም አታደርገውም። የስኳር ጠላት ውሃ ነው። ደረቅ የህዳር አየር ለእሱ ምቹ ነው፤ መውሊድ እንደ ጨረቃው አቆጣጠር ዞሮ ዞሮ በክረምቱ ዝናብ ወራት ሲውል ግን ያው ዕቃ ሳይነካ ያልበዋል። በዚያ ዓርብ የነበረው ብቸኛ እርጥበት የልጁ መዳፍ ነበር። ለዕረፍት ሲወጡ መዳፉ ሮዝ ሆኗል፣ ነጭ ጀለቢያውም ሮዝ ጣቶች ታትመውበታል። አቧራው ደግሞ ፈረሱን በሙሉ አልያዘውም፤ የተጣበቀው ላብ በነካው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጨዋታው በኋላ የልጁ አያያዝ ሙሉ ካርታ ፈረሱ ሆድ ላይ በቡናማ ተስሎ ነበር። ደረቱ፣ ፊቱ፣ ጋማው ንጹሕ ናቸው። ጌጡ ሁሉ ያለው እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው።

በሁለተኛው አጋማሽ አንድ የተመታ ኳስ ወደ ዳር መጣ። ልጁ ኳሱን ትቶ ጀርባውን ሰጠና ፈረሰኛውን በደረቱ አቀፈው። ኳሱ ወገቡን መትቶት አለፈ። የተጎዳው ባንዲራው ነው፤ ሽቦው ታጠፈ፣ ወረቀቱ ተቀደደ። ስኳሩ አልተነካም። ባንዲራው የተሰካው ቀድሞ እንዲጎዳ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሥራው ግን ያ ሆኖ ተገኘ። ወረቀት ይተካል።

ጨዋታው 3 ለ 1 በሆነ ውጤት ለምዕራብ አፍሪካ ልጆች ሄደ። የእኛዎቹ ተማሪዎች ሽንፈትን በታሪክ ማጽናናት ይወዳሉ። «እዚሁ ኻርቱም የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ማን ነው የተጫወተው?» አለ አንዱ። እውነት ነው፤ በየካቲት 1957 እ.ኤ.አ. ውድድሩ ሲጀመር ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ የተሰለፉት። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ከውድድሩ ስለወጣች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፣ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ የሚባለው አጥቂ ነው። ይህን ሲሰማ አጎትየው ጫማውን እየፈታ፣ «እኛማ ዛሬ አንድ አግብተናል» አለ።

ኳስና አሻንጉሊት አንድ ላይ ሲነሱ ለአበሻ ቶሎ የሚታወሰው ጆተኒ ነው። የጆተኒው ሰውዬ እጅ የለውም፣ ጣልቃ የሚገባ ጌጥ የለውም፤ ብረት ላይ ተወግቶ ኳስ እንዲመታ ብቻ የተሠራ ድፍን ነገር ነው። ድፍንነቱ ያምርበታል፤ በዱላ ቢደበደብ አይሰማውም። የስኳር ፈረሰኛው ግን አንዳች ነገር እንዲመታ አልተሠራም፣ የሚሠራውም ነገር የለም። ጥንካሬው ለራሱ መቆም ብቻ ነው የሚበቃው፤ ከዚያ አንዲት ነጥብ እንኳ አያልፍም። እንዲህ በልክ የተሰጠ ጥንካሬ ከድፍኑ ይልቅ ብዙ ማሰብን ይጠይቃል እላለሁ።

ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይሠሯቸው የነበሩትን የሸክላ ምስሎች የሚያውቅ ሰው ሌላ ዓይነት እጅ ያውቃል። አንበሳው፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ በጣት ተድቦልቡለው፣ በጥፍር ተጭረው፣ በእሳት ተተኩሰው ይወጣሉ፤ ከመቶው አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ የሠሪዋ ጣት አሻራም ጭቃው ላይ ይቀራል። በፎርማ የሚሠራ ዕቃ ይህ የለውም ብለው የሚንቁት አሉ። ቸኩለዋል። ፎርማው ላዩን አንድ ያደርገዋል፤ ውስጡን አንድ ማድረግ ግን አይችልም። የእያንዳንዱ ፈረሰኛ ውስጥ የአንድ ሰው የአንድ ጊዜ ውሳኔ ነው። ፓሌርሞ ላይም ለሙታን ቀን በጥቅምት መጨረሻ የስኳር ባላባቶችን በጂፕሰም ፎርማ እንዲሁ ውስጣቸውን ባዶ አድርገው ያወጣሉ፣ ቀለሙን ግን በብሩሽ እስከ ልብሱ ስፌት ድረስ ያስጌጡታል። ሥዕላቸው ከሱዳኖቹ ይበልጣል። አቋማቸው አይበልጥም።

ፕላስቲኩን ግን ልለፈው ብል ደስ ባለኝ። በካይሮም በኻርቱምም የመውሊድ መደርደሪያ ላይ ቱል የለበሰች የፕላስቲክ አሻንጉሊት የስኳሯን ዓሩሳ ቦታ ወስዳለች። ሰው የሚመርጣት ስለማትሰበር፣ ጉንዳን ስለማይወጣባት፣ ለከርሞም ስለምትደርስ ነው። ሁሉም በቂ ምክንያት ነው፤ ልጅ ያለው ሰው ጉንዳን ምን እንደሆነ ያውቃል። ብቻ ፕላስቲኳን ገልብጣችሁ ብታዩ የምታገኙት የፋብሪካ ቁጥር ነው። የስኳሩን ብትገለብጡት ግን የሠሪውን ውሎ ታገኛላችሁ።

ያንን የሠሪ ውሎ ቅዳሜ ዕለት አየነው። የእኛዎቹ 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ልጁም በደስታው ለቡድኑ የሚሰጠው ነገር ሲያጣ ፈረሰኛውን ለአጎቱ ዘረጋለት። «ይሰበር?» አለው አጎትየው። «ይሰበር። ግን በረኛው ይቅደም።» እናቱ ብትኖር ምን ትል እንደነበር አላውቅም። አጎትየው መጀመሪያ በጥፍሩ ደረቱን ነካ ነካ አደረገው፤ ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ሰጠ። የተሰነጠቀ ቢሆን ድምፁ ይታፈን ነበር። ከዚያ በሁለት እጁ ይዞ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

አንድ ጊዜ አልበቃውም። በሁለተኛው ምት ከወገቡ ላይ ተቆረጠ፣ ቁርጡም ሁሉን ነገር አሳየ። ግድግዳው ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ነው፣ ውፍረቱም ከፈረሱ ጀርባ እስከ ሆዱ ድረስ ዞሮ የሚታይ ልዩነት የለውም። የውጭው ንጣፍ ደቃቅና ጥቅጥቅ ነው፤ እርጥቡ እንጨት በፍጥነት ያቀዘቀዘው ስለሆነ ቅንጣቶቹ ለማደግ ጊዜ አላገኙም። ወደ ውስጥ ሲገባ ቅንጣቶቹ እየጎሉ ይሄዳሉ፣ መጨረሻው ላይ ፀሐይ ሲያገኛቸው ይብለጨለጫሉ። ውጭው ደብዛዛ፣ ውስጡ ብርሃን ነው። ለማንም እንዲታይ ያልተሠራው ገጽ ከሁሉ ይበልጥ ያምር ነበር።

የፈረሰኛው ራስና የፈረሱ ጆሮዎች ግን ድፍን ናቸው። ለዚህ ማንም አልደከመም። ጠባብ ቦታ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚቀዘቅዝ መሐሉ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም፤ ፎርማው ተዘቅዝቆ ሲሞላም ቀድሞ የሚሞላው ራሱ ነው። ስለዚህ ቀጭኑና ለመሰበር የቀረበው ክፍል በራሱ ጊዜ ድፍን ሆኖ ይወጣል፣ ሰፊው አካል ብቻ ባዶ ይሆናል። ጠራቢው ይህን ያውቃል። የፈረሰኛውን አንገት ትንሽ ቢያሰፋው ኖሮ ባዶ ይሆንና ይሰበር ነበር፤ ትንሽ ቢያጠበው ደግሞ ድፍን ቢሆንም የራሱን ክብደት አይችልም። እንጨቱን ሲፈለፍል የሚያስበው ለዓይን የሚታየውን አንገት ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚያደርግም ጭምር ነው።

በመቆሚያው ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ሦስት የደረቁ ጠብታዎች ተንጠልጥለው ነበር። ፎርማው ተገልብጦ ሲፈስ የቀሩ ናቸው፤ ሦስቱም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለዋል። ሠሪው ሲያፈስ ፎርማውን ቀጥ አላደረገም፣ ወደ ቀኙ አዘንብሎ ነው የያዘው። ግራ እጁ ላይ ሌላ ነገር ይዞ ይሆናል፤ ወይም ድስቱ በዚያ በኩል ነበር።

ጣዕሙ ስኳር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሮዙ ቀለም ብቻ ነው። በረኛው የፈረሱን ታፋ በላ፣ አጥቂዎቹ ደረቱን ተከፋፈሉ፣ አንዱ ጥርሱን ታሞ ለጓደኛው ሰጠ። ስኳሩ ከከናና ፋብሪካም ይምጣ ከሌላ፣ በስኳር አምራችነቱ የሚታወቅ አገር ውስጥ እንደነበርን ያስታወሰን ጥማቱ ነው፤ ከሜዳው ማዶ ሻይ የምታፈላው ሴት ጋ ሄደን ውሃ ለመንን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ኻርቱም ላይ ከፈነዳ ወዲህ፣ ያ ሰፈርና ያ ሜዳ፣ ያ ቤተሰብም ጭምር በየአቅጣጫው ተበትኗል። የኡምዱርማን ጣፋጭ ሠሪዎችም ከሌላው ሕዝብ ጋር እንዲሁ። ለሥራው የሚያስፈልገው ግን ስኳር፣ ድስትና ፎርማ ነው፤ ሁለቱ በየትም ይገኛሉ። የማይገኘው ፎርማው ነው፣ እሱም በብብት ይያዛል።

ስለ ፎርማው አንድ ነገር ይቀረኛል። ፈረሰኛው ከመሰበሩ በፊት ግራና ቀኙን አገላብጬ አይቼው ነበር። በግራ በኩል የፈረሱ ጋማ ሰባት ዘለላ አለው፣ እያንዳንዱ ጠርዙ ስለታም ነው፣ የእርካቡ ቀለበት እንኳ ይታያል። በቀኝ በኩል ግን ዘለላዎቹ እርስ በርስ ተዋህደው አምስት ብቻ ይቆጠራሉ፣ እርካቡም ጉብታ ሆኗል። በአንድ ፎርማ ሁለት ግማሾች ላይ ትኩስ ስኳርና ማጠቢያ ውሃ እኩል ያልፋሉ፤ አንዱ ከሌላው ይህን ያህል ሊያልቅ አይችልም። መቆሚያው ላይ ሁለቱ ጎኖች በፀጉር ስፋት ያህል ተዛንፈዋል። ግማሾቹ እኩያ አይደሉም። ቀኙ አሮጌው ነው፤ ግራው ተሰብሮ ወይም ተሰንጥቆ በሌላ ተተክቷል፣ የተካውም ሰው ከድሮው ጋር በፀጉር ስፋት ልዩነት እስኪገጥም ድረስ በመሮ ሲሞክር ቆይቷል። አሮጌው ግማሽ ላይ ያለው የፈረሰኛ ጉልበት ትንሽ ገባ ያለ ነው፤ አዲሱን የጠረበው ሰው የራሱን ጉልበት የተሻለ አድርጎ ማውጣት እየቻለ ከአሮጌው ጋር አመሳስሎ ትቶታል። መደርደሪያ ላይ ለሚያቆመው ሰው ግን በግራ ጎኑ ቢያዞረው ይሻላል።